የታች አስታ ከፍታ

ማስታወቂያ! ለክፍሉ ሠራተኞች በሙሉ። በቢሮ ቁጥር 9 የሚገኘውና በመንግሥት ንብረትነት የተመዘገበው የክፍሉ ኃላፊ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ማንነታቸው ባልታወቀ ግለሰቦች ከተፈቀደለት ከፍታ በታች እየወረደ መሆኑ ተደርሶበታል። ስለሆነም ከዛሬ ሰኔ 4 ቀን 2004 ዓ.ም. ጀምሮ የወንበሩን ማስተካከያ እጀታ መንካት፣ መጎተትም ሆነ ያለ በቂ ምክንያት በአጠገቡ መቆም በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን እናሳውቃለን።

ማኅተሙ ክብ፣ ፊርማው የአቶ ጌትነት ነበር። ወንበሩን ግን ማንም አልነካውም። ሆዱ ውስጥ ያለው አየር አልቆበት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ጌትነትን ከሰው ሁሉ በላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ አገጫቸው ከጠረጴዛው ጋር እኩል ይሆናል። ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል። የነገራቸው የለም።

የዞኑ ውሃ ክፍል የካርታ ባለሙያ ፈህሚያ ዐብዱልከሪም ማስታወቂያውን ቆማ አነበበችና ወደ ኮምፒዩተሯ ሄደች። የሷም ጣጣ የከፍታ ነበር። ዳታቤዙ ውስጥ ያሉት ምንጮች፣ መንደሮችና የቧንቧ መስመሮች በሙሉ ጠፍጣፋ ናቸው። እያንዳንዱ ነጥብ ወደ ምሥራቅ ስንት፣ ወደ ሰሜን ስንት የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ ወደ ላይ ስንት የሚል የለውም። ያ ሁሉ ገደልና አምባ እንደ ጠረጴዛ ልብስ ተዘርግቶ አሥር ዓመት ኖሯል።

ሦስተኛውን ቁጥር እንድትጨምር ታዘዘች። እሷም ኮምፒዩተሩን አዘዘችው። ኮምፒዩተር ታዛዥ ነውና ያልነገሩትን ሁሉ ዜሮ ብሎ ሞላላት። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ራስ ደጀን ከምጽዋ ወደብ እኩል ሆኖ ዋለ። ማክሰኞ ዜሮውን አነሣችና፣ ነጥቦቹን ሳተላይት በለካው የከፍታ ሥዕል ላይ አንድ በአንድ ጣለቻቸው። መሬቱ ተነሣ። ያኔ ነው አስታ ሜዳን ያየችው።

አስታ ሜዳ ከደባርቅ ወዲያ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ቀበሌ ነው። ላይ አስታና ታች አስታ የሚባሉ ሁለት ሰፈሮች አሉት። ጤና ኬላው ላይ አስታ ነው፤ ምንጩ ታች አስታ። የጤና ኬላዋ ነርስ ውሃው በቧንቧ እንዲመጣላት በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጻፈች። ሁለቱንም ጊዜ "ምንጩ ታች፣ ተቀባዩ ላይ በመሆኑና ውሃ ሽቅብ ስለማይፈስ ጥያቄው ውድቅ ተደርጓል" የሚል መልስ ደረሳት። ሄዶ ያየ አልነበረም፤ ስሙ በቂ ነበር። ሦስተኛው ደብዳቤዋ አጭር ነው፦ "ለመውለድ የምትመጣ እናት ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዛ እንድትመጣ እያዘዝን ነው። ካልያዘች በደረቅ እጅ እናዋልዳለን።"

አሁን ስክሪኑ ሌላ ነገር ይላል። የታች አስታ ምንጭ ከላይ አስታ ጤና ኬላ በሠላሳ አንድ ሜትር ይበልጣል። እውነት ከሆነ ውሃው ያለ ሞተር፣ ያለ ናፍጣ፣ በገዛ እግሩ ይሄዳል።

እውነት ካልሆነስ?

ፈህሚያን ያስጨነቃት ይኼ ነው። የሳተላይቱ ሥዕል መሬቱን ሠላሳ በሠላሳ ሜትር እየከፈለ ለእያንዳንዱ መደብ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣል። ምንጩ ደግሞ ከገደል ጥግ ነው። መደቡ ግማሹ አናት፣ ግማሹ ገደል ከሆነ፣ ያ ሠላሳ አንድ ሜትር የውሸት ሊሆን ይችላል። ቧንቧው ተቀብሮ ውሃ ካልመጣ፣ አስታ ሜዳን ዳግመኛ የሚሰማው አይኖርም።

አቶ ጌትነት ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀቷን ሲያዩ ገና ጠዋት ነበርና ከፍ ብለው ነው ያነጋገሯት።

"ማን ይበልጣል አልሽ?"

"ታች አስታ።"

"ስሙን ድገሚልኝ።"

"ታች አስታ።"

"እኮ!" አሉ፣ ክርክሩ ያለቀ መስሏቸው። "ላይ ያለውን ላይ፣ ታች ያለውን ታች አድርገሽ አስተካክዪና አምጪ።"

"ሄጄ ልለካው አቶ ጌትነት። አንድ ቀን ይስጡኝ።"

"አርብ ሦስት ሰዓት ስብሰባ አለ። በጀቱ ሊዘጋ ነው፤ መጋዘን ያለው ቧንቧ አርብ ባለቤት ያገኛል። ቁጥርሽን በሁለቱም ሰፈር ሰዎች ፊርማ አስደግፈሽ ካልመጣሽ አስታ ሜዳን እሰርዘዋለሁ።"

ማታ ቤት ስትገባ አባቷ ዐብዱልከሪም ነገሩን ሰሙ። በዞኑ ከተማ ገበያ አርባ ዓመት ጨርቅ የሸጡ ሰው ናቸው። "ጨርቅ ተዘርግቶ እንከኑን ይደብቃል፤ ሲሰቀል ነው የሚጋለጥ" አሏትና፣ ከጎረቤት የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሃያ አምስት ሜትር፣ ውስጡ የሚታይ ነጭ ቱቦ አስመጡላት። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚሉት ነው። ጂፒኤስ በቁመት ጊዜ እንደሚቀላምድ ፈህሚያ ታውቃለች። ውሃ ግን አይቀላምድም።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ሾፌሩ መለሰ አስታ ሜዳ አወረዳት። "አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የምነቃነቀው እቴ፤ ከዚያ ጉሙ መንገድ ይበላል" አላት።

የላይ አስታ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ አያ ክንዱ ጋቢውን ተከናንቦ ጠበቃት። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ከቤቱ ደጃፍ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ በአጠገባቸው ሆዷ የገፋ ሴት በጎኗ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

"የልጅ ልጄ ናት" አለ፣ ሳይጠየቅ። "ነርሷ ለሰኞ ብላታለች።" ከዚያ ከመለኪያ ዘንጎቹ አንዱን ከፈህሚያ እጅ ወሰደ። "በይ እንሂድ።"

ምንጩ ከቋጥኝ ሥር ይወጣል፤ ዙሪያውን የታች አስታ ቤቶች አሉ። ከአንዱ ቤት እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ የሆነ፣ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ብቅ አለች። ሐረገወይን ትባላለች፤ ሸክላ ሠሪ ናት። አያ ክንዱ አሥር እርምጃ ርቆ ቆመ።

"እንደምን አደርሽ።"

"እግዜር ይመስገን። ምነው አያ ክንዱ፣ መንገድ ጠፋህ?"

ፈህሚያ ነገሩን አስረዳች። ሐረገወይን አዳምጣ ስታበቃ ትከሻዋን ነቀነቀች።

"እነሱ ከእኛ ምንጭ አይቀዱም። ቁልቁል ወንዝ ይወርዳሉ፤ አንድ ሰዓት መሄጃ፣ ሁለት ሰዓት መመለሻ።"

"ለምን?"

"የወንዙ ይጣፍጣቸዋል መሰለኝ።" አያ ክንዱን አየችው፤ እሱ ሰማይ ያያል። "በቧንቧ ሲመጣ ግን የማን እንደሆነ አይታወቅም። ይጠጡታል።"

"እትዬ ሐረገወይን፣ ሰፈሩ ለምን ታች ተባለ?"

"መሬቱን አይደለም ልጄ፤ እኛን ነው። አያቶቻችን ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ነበሩ። ሰርግ ቤት ብንጠራ ከበሩ ሥር ነው የምንቀመጥ። ታች የተባልነው እዚያ ነው፤ መሬታችንም ተከትሎን ወረደ።"

አያ ክንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሰዓቱ እየሄደ ነው።"

ቱቦውን ከምንጩ ሞሉት። ሁለቱ ጫፎች ሴንቲሜትር በተጻፈባቸው ሁለት ዘንጎች ላይ ታስረዋል። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆማል፤ ስለዚህ የዘንጎቹ ንባብ ሲለያይ መሬቱ የተለያየውን ያህል ነው። ሃያ ሜትር ይለካሉ፣ ድንጋይ ያስቀምጣሉ፣ ደግሞ ሃያ ሜትር። ስልሳ አራት ጊዜ። መሃል መንገድ ላይ ጉብታ አለ። ላይ አስታ ሆኖ ለሚያይ ምንጩ ከጉብታው ኋላ ተደብቆ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ይመስላል። ጉብታው ከምንጩ ከበለጠም ነገሩ አለቀ፤ ውሃ አያልፈውም።

አያ ክንዱ አንዱን ዘንግ፣ ፈህሚያ ሌላውን ያዙ። ሐረገወይን ገንቦዋን አዝላ ከኋላ ትከተላለች፤ ማንም ነዪ አላላትም፣ ሂጂም አላላትም። በሠላሳ ስምንተኛው ልኬት ጉብታው ጫፍ ደረሱ። ፈህሚያ ደመረች። ከምንጩ አርባ ሴንቲሜትር ብቻ ዝቅ ይላል። ለውሃ ያ በጭንቅ ነው።

"ልጄ፣ ይቺ ምንድን ናት?" አለች ሐረገወይን።

ጣቷ ቱቦው ላይ ነበር። ከውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታክል አረፋ ተቀምጣለች።

"አየር ነው" አለች ፈህሚያ ቀስ ብላ።

"ከጭቃ ውስጥ እንዲህ ያለች ከቀረች፣ እሳት እስኪነካት ጠብቃ ነው የምትፈነዳ። ገንቦውንም፣ ከጎኑ ያለውንም ይዛ ትሄዳለች። መቼ ገባች?"

ማን ያውቃል? በሦስተኛው ልኬት ይሁን በሠላሳኛው። ጠዋቱን ሙሉ የጻፈችው ሁሉ ከንቱ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከገደሉ ሥር ጉም መነሣት ጀምሯል።

"እንደገና" አለች።

ወደ ምንጩ ተመለሱ። የቱቦውን አንድ ጫፍ በሐረገወይን ገንቦ ውስጥ ከተቱት፤ በሌላው ጫፍ አየሩን በአፍ መሳብ ነው። ፈህሚያ ሳበች፤ ዓይኗ ጭልም ሲልባት ተወችው። ሐረገወይን ቀጠለች። ውሃው እስከ መሃል መጣ፤ አረፋዋም አብራ። የእቶን ጭስ የኖረበት ደረቷ ከዚያ በላይ አልቻለም። ጫፉን በአውራ ጣቷ ደፍና ወደ አያ ክንዱ ዘረጋችው።

"ሳይመለስ ቶሎ በል።"

አያ ክንዱ ጫፉን አየው። የእሷ ምራቅ ያብለጨልጭበታል።

"ጾመኛ ነኝ።"

"ቅድም ሾፌሩ ዳቦ ሲሰጥህ አልጾምክም።"

"ልጅቷ ትሳበው።"

"አልቻልኩም አያ ክንዱ" አለች ፈህሚያ። "ከተመለሰ አየሩ ይጨምራል። ሰዓት የለንም።"

"አይዞህ" አለች ሐረገወይን። ጣቷ ላይ ያለው ጥፍር ነጥቷል። "ዛሬ አልበላህም።"

መኪናውን ይዞ ከኋላ የደረሰው ሾፌሩ መለሰ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል አፉን ያዘ። ስለ ታች አስታ ሰዎች የሚወራውን፣ ሰው ይበላሉ የሚባለውን፣ የማያውቅ እዚያ አልነበረም።

አያ ክንዱ ጫፉን ተቀበለ። ሊጠርገው ጋቢውን አነሣ። ጋቢው እጁ ላይ ቆየ። ከዚያ መልሶ ጣለውና ቱቦውን ሳይጠርግ አፉ ውስጥ ከተተው። ሳበ። የአንገቱ ሥሮች ቆሙ። አረፋዋ ተነቃነቀች፣ ተንሸራተተች፣ ጠፋች፤ ውሃው አፉን ሞላው። ሦስቱም ይተፋዋል ብለው ጠበቁ።

ዋጠው።

"ምን ታዩኛላችሁ? ዘንጉን አምጡ" አለ።

በዚህኛው ዙር ፈህሚያ መዝጋቢ ሆነች፤ ዘንጎቹን ሁለቱ ያዙ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉሙ ደረሰባቸው። ሃያ ሜትር ርቆ ያለ ሰው አይታይም፤ የሚታየው ወደ ነጭ ነገር ውስጥ የሚገባ ቱቦ ብቻ ነው።

"ስንት?" ትላለች ፈህሚያ።

"መቶ አርባ ሁለት!" ይላል አንዱ ጉም።

"ሰባ ዘጠኝ!" ይላል ሌላው ጉም።

ከጉብታው በፊት መንገዱ ገደሉን ታክኮ ያልፋል። ሠላሳ አንደኛው ልኬት ላይ ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማ። የሚያርፍበትን ድምፅ ጠበቁ፤ አልመጣም። ቱቦው ተወጠረ።

"አያ ክንዱ!"

ቱቦው ደግሞ ተጎተተ።

ሐረገወይን ዘንጓን ለፈህሚያ አስያዘቻትና ቱቦውን በእጇ እየተከተለች ጉሙ ውስጥ ገባች። ፈህሚያ የውሃውን ጫፍ እያየች ቆመች። ውሃው ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ።

"ዘንጉን ልቀቀው!" የሚል የሐረገወይን ድምፅ መጣ።

"ውሃው ይፈሳል!"

"ይፍሰስ፣ አንተ ሽማግሌ! እጅህን አምጣ!"

"ግራ እጄን ያዢ። ዘንጉን አለቅም።"

መተናነቅ፣ የሣር መነቀል፣ የሁለት ሰው ቁና ቁና መተንፈስ። ከዚያ፦

"መቶ ሠላሳ ስድስት" አለ አያ ክንዱ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "ጻፊው። አረፋ የለበትም።"

ጉብታው ጫፍ ላይ ስትደምር ከምንጩ ስድስት ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻውን ዘንግ ጤና ኬላው በር ላይ አቆሙ። ፈህሚያ ሁለት ጊዜ ደመረች። ሳተላይቱ ሠላሳ አንድ ያለው ሃያ ሦስት ሜትር ከአርባ ሆነ። ግን ቁልቁል ነው። ውሃው ይመጣል።

"እኛ ስንት ሆንን?" አለች ሐረገወይን።

"ከባሕር በላይ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ሜትር።"

"እነሱስ?"

"ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ስምንት ገደማ።"

ሐረገወይን ትንሽ አሰበች። "ሸጋ ነው። እፈርማለሁ" አለችና ሄዳ መኪናው ውስጥ ተቀመጠች።

አርብ ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ጌትነት ከወንበራቸው አናት ላይ ሆነው ስብሰባውን ከፈቱ። አያ ክንዱና ሐረገወይን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አለ። የአስታ ሜዳ ተራ የደረሰው ለምሳ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ፈህሚያ ቁጥሩን አቀረበች። ፊርማዎቹን አቀረበች።

"ቁጥሩ ገብቶኛል" አሉ አቶ ጌትነት። "ግን ከስሙ ጋር ይጋጫል። የሚጋጭ ሰነድ አልፈርምም። ነገ ኦዲተር መጥቶ ከታች ወደ ላይ ውሃ አፈሰስክ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?" ወንበሩ ትንሽ ወረደ። "አያ ክንዱ፣ እርስዎ ይንገሩን። ታች አስታ የት ነው?"

"ላይ ነው።"

"ላይ አስታስ?"

"ታች።"

ከወዲያ ጥግ አንድ ሰው ሳቀ፤ አቶ ጌትነት ሲያዩት ሳል አደረገው።

"ይህን ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?"

"እግሬ ከቆመ ጀምሮ።"

"ታዲያ ጥያቄው ሁለት ጊዜ ውድቅ ሲደረግ የኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። ለምን አልተናገሩም?" ወንበሩ ወረደ። "ቅጹ ላይ ምክንያት የሚል ቦታ አለ። ባዶ አይተውም። ምክንያቱ ካልተሞላ ቧንቧው ዛሬ ወደ ሌላ ቀበሌ ይጫናል።"

ፈህሚያ የአያ ክንዱን አፍ ታያለች። እሱ ሐረገወይንን አየ። ሐረገወይን እጆቿን ታያለች፤ ጥፍሯ ሥር ጭቃ አለ። ወንበሩ ደግሞ ወረደ፤ የአቶ ጌትነት አገጭ ጠረጴዛው ላይ ሊያርፍ አንድ ጣት ቀረው። ሠራተኛው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ማስታወሻ ይጽፋል።

አያ ክንዱ ተነሣ። ጠረጴዛውን ዞሮ ሄደና እጁን ዘረጋላቸው።

"ተነሣ ልጄ። መንበርህ ሰምጧል።"

"ማን ነካው?" አሉ አቶ ጌትነት።

"ማንም አልነካው። እዚህ ከተቀመጥኩ ጀምሮ እያየሁት ነው፤ ራሱ ነው የሚወርድ። እኒህም ሁሉ ያውቃሉ።"

አቶ ጌትነት ዙሪያውን አዩ። አንድም ዓይን አላገኙም።

"ታውቃላችሁ?"

እስክሪብቶ ሁሉ ወረቀት ላይ ነው።

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

አቶ ጌትነት የሽማግሌውን እጅ ይዘው ተነሡ። እንደቆሙ፣ ወንበሩን ሳያዩ፣ ቅጹን ወደ ራሳቸው ሳቡና ምክንያት የሚለውን ባዶ ቦታ ፈልገው አገኙት። ሰረዝ አደረጉበት። ፈረሙ። ፈህሚያ ወረቀቱን ቀለሙ ሳይደርቅ ከፊታቸው አነሣችና ወደ መጋዘን ሮጠች፤ ደረጃው ከሥሯ ጮኸ።

አቶ ጌትነት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አሁን ለመዝገብ አይደለም አያ ክንዱ። ለራሴ ነው። ምነው ያን ያህል ዘመን ዝም አሉ?"

አያ ክንዱ አግዳሚው ላይ ያለችውን ሐረገወይንን አየና ጋቢውን አጣፋ።

"አልናገርም።"

"ምንም አይመጣብዎትም እኮ።"

"አልናገርም አልኩህ፤ አልናገርም።"